ተዋንያን ይፈለጋሉ የሚለውን ሁሉ ልመን? ከገባችሁ ምከሩኝ

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትወና ተምሬያለሁ፣ መድረክ ላይም ትንሽ ሠርቻለሁ፤ ካሜራ ፊት ግን ገና ነኝ። ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር «ተዋንያን እንፈልጋለን» የሚል ነገር ይመጣብኛል። ለፊልም፣ ለተከታታይ ድራማ፣ ለባንክ ማስታወቂያ፣ ለሳሙና ማስታወቂያ። ሁሉም አጣዳፊ ነው፤ ሁሉም ዛሬ ማታ ይዘጋል።

ሁለቱን ልንገራችሁ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ለትልቅ ዓለም አቀፍ ማስታወቂያ ከ18 እስከ 40 ዓመት ወንድና ሴት እንፈልጋለን። ልምድ አያስፈልግም። ክፍያው ከፍተኛ ነው። ቦታው ውስን ስለሆነ ፎቶና ስልክ ቁጥራችሁን አሁኑኑ በውስጥ መስመር ላኩ።» ፎቶ ላክሁ። ሻይ ፈልቶ ሳይወርድ «ተመርጠሻል» አሉኝ። ቀጥለው ግን ለፕሮፋይል ፎቶና ለመመዝገቢያ ክፈይ አሉ። ሌላው ለአጭር ፊልም ነው፦ «ከ25 እስከ 32 ዓመት የምትመስል ሴት። የሌሊት ተረኛ ነርስ። ሁለት የቀረጻ ቀን። ክፍያ የለውም፤ ምግብና ትራንስፖርት በእኛ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ የተወነችበት ክፍል ይሰጣታል። ከታች ያለውን ንግግር በቪዲዮ ቀርጻችሁ ላኩ።»

ቤተሰብ የመጀመሪያውን ያዢ ይለኛል፣ ገንዘብ አለው ብለው። እኔ ደግሞ የነርሷ ነገር ልቤን ይዞታል።

እና እውነተኛውን በምን ልለየው? በዚህ ሙያ መክፈል የሚባል ነገር አለ ወይ? ኤክስትራ ሆኜ፣ ማለትም ሳልናገር ከጀርባ የማልፍ ሆኜ፣ ብጀምር ስሜን ያበላሽብኛል? የምታውቁ እባካችሁ ሳትሰለቹ ንገሩኝ።

ካስቲንግ ክፍል፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ገንዘብ እንዳትከፍዪ። ቀሪውን ቀስ ብዬ ላስረዳሽ።

የምሠራው ካስቲንግ ላይ፣ ማለትም ለየሚናው ተዋናይ በሚመረጥበት ክፍል፣ በረዳትነት ነው። የሚላኩ ቪዲዮዎችን እቀበላለሁ፣ እለያለሁ፣ ለዳይሬክተሩ የሚቀርቡትን አዘጋጃለሁ። ስለዚህ ጥሪው ከየት እንደሚወጣ አውቃለሁ። አንድ ፊልም ሲታሰብ ስክሪፕቱ ይነበብና ገጸ ባህርያቱ አንድ በአንድ ይወጣሉ። የእያንዳንዱ ዕድሜ፣ ጠባይ፣ የሚቀረጽበት ቀን ብዛት፣ የሚጠይቀው ችሎታ ይጻፋል። ይሄ ዝርዝር መጀመሪያ የሚሄደው ለተዋንያን ሥራ ወደሚያፈላልጉ ወኪሎች፣ ወደ ኤጀንቶች፣ እና ወደምናውቃቸው ተዋንያን ነው። ቀጥሎ ወደ ካስቲንግ ድረ ገጾች። ለሁሉም ክፍት የሚደረገው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፤ ወይ የምንፈልገው ሰው በተለመደው መንገድ ስላልተገኘ፣ ወይ አዲስ ፊት ስለተፈለገ፣ ወይ ደግሞ ሥራው አጭር ፊልም ወይም የተማሪ ሥራ ሆኖ በጀት ስለሌለ። ክፍት ጥሪ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ በዚያ በር የገባ ጎበዝ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን እውነተኛ ጥሪ ከዚያ ዝርዝር ስለሚቀዳ ማንን እንደሚፈልግ ያውቃል።

አሁን ሁለቱን ማስታወቂያዎች ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። የነርሷ ዕድሜዋን ያውቃል፣ ሥራዋን ያውቃል፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያውቃል፣ ስለ ክፍያው ፊት ለፊት ይናገራል፣ የምትናገሪውን ራሱ ሰጥቶሻል። እዚያ ቤት ስክሪፕት አለ። የመጀመሪያው ግን ከ18 እስከ 40፣ ወንድም ሴትም፣ ልምድ አያስፈልግም ይላል። ምን ዓይነት ሰው? ለምን ዓይነት ምርት? የት ይቀረጻል? መቼ? አንዱም የለም። ያለው «ከፍተኛ» እና «ውስን» ብቻ ነው።

«ተመርጠሻል» ያሉሽ ነገር ደግሞ ሌላው ማስረጃ ነው። ለማስታወቂያ ሥራ ሰው ሲመረጥ መጀመሪያ ካስቲንግ ያያል፣ ቀጥሎ ዳይሬክተሩ፣ ቀጥሎ ማስታወቂያውን ያዘጋጀው ኤጀንሲ፣ በመጨረሻ ምርቱ የራሱ የሆነው ድርጅት። ድርጅቱ ሳያጸድቅ ማንም ሰው «ተመርጠሻል» ሊልሽ አይችልም። ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዙር ኦዲሽን (የትወና ፈተና) አለ፣ እዚያ ደግሞ ከሌሎች ጋር አጣምረው ያዩሻል፤ ባልና ሚስት ትመስላላችሁ ወይ፣ እናትና ልጅ ትመስላላችሁ ወይ እያሉ። ይሄ ሁሉ በአንዲት የስልክ ፎቶ በደቂቃ ውስጥ አያልቅም።

ስለ ክፍያ ጠይቀሻል። ግራ የሚያጋባው እዚህ ጋ ነው፤ ምክንያቱም ተዋንያን ከፍለው የሚመዘገቡባቸው ሕጋዊ ቦታዎች አሉ። ለንደን ያለው ስፖትላይት እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ የተዋንያን ማውጫ ሆኖ ቆይቷል፤ ኒው ዮርክ የተጀመረው ባክስቴጅ ደግሞ ከ1960 ጀምሮ የካስቲንግ ጥሪዎችን ያወጣል። እነዚህ ዓመታዊ ወይም ወርኃዊ ክፍያ ይጠይቃሉ። ነገር ግን የምትከፍዪው ፎቶሽና መረጃሽ እንዲቀመጥ፣ ጥሪ እንድታዪ ነው። ሥራ ይገኝልሻል ብለው ቃል አይገቡልሽም። ኦዲሽን ለመታየት፣ ለመመረጥ ወይም ኤጀንት እንዲይዝሽ ክፈይ ከተባልሽ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ኤጀንት የሚያገኘው አንቺ ሠርተሽ ከተከፈለሽ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ከመቶ። አንቺ ካልሠራሽ እሱም ባዶ እጁን ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከተዋናይ ቅድሚያ ገንዘብ እየተቀበሉ ሥራ እናስገኛለን ማለትን የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ «ክፈሉና በካስቲንግ ዳይሬክተር ፊት ትወኑ» የሚሉ ወርክሾፖችን ያካሄዱ ሰዎች፣ ካስቲንግ ላይ የሚሠሩም ጭምር፣ ተከሰዋል። ፊልም በሚፈላበት ከተማ ይሄ ካለ ሌላም ቦታ አለ።

ፎቶውንም «እኛ ጋ ካልተነሳሽ አይሆንም» ካሉ ተያቸው። ጥሩ ፎቶ ያስፈልግሻል፣ እውነት ነው። የት እንደምትነሺ ግን አንቺ ትመርጫለሽ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልተው። ስም ብቻ ማመን አይበቃም። ታዋቂ የሆሊውድ ሴት ፕሮዲዩሰሮችን እየመሰለ በስልክ ሰው ሲያታልል የኖረ ሰው ነበር፤ ሜካፕ ሠሪውን፣ ፎቶ አንሺውን፣ ጸሐፊውን፣ ተዋናዩን «ለቦታ ጥናት ኢንዶኔዥያ ና» እያለ በራሳቸው ገንዘብ ያስጓዛቸዋል፣ እዚያ ደግሞ ለሾፌርና ለፈቃድ እያለ ያስከፍላቸዋል። በዚህ የተጠረጠረው ሰው እ.ኤ.አ. በ2020 ማንቸስተር ተያዘ። የተታለሉት ሞኞች አልነበሩም፤ በሙያቸው የሠሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የላከልሽን ስልክ ሳይሆን ራስሽ ፈልገሽ ያገኘሽውን የድርጅቱን ስልክ ደውዪ። ከዚህ በፊት የሠሩትን ፈልጊ። አይኤምዲቢ የሚባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ ባይኖሩ እንኳ የሆነ ቦታ የሠሩት ነገር ይታያል። የመታወቂያሽን ቅጂና የባንክ ቁጥርሽን ከውል በፊት ለማንም አትላኪ። ኦዲሽን ሆቴል ክፍል ወይም የሰው መኖሪያ ቤት ነው ካሉሽ አትሂጂ። መጀመሪያ ኦዲሽን ላይ ልብስ አውልቂ የሚል ሰው ካስቲንግ አይደለም፣ ምንም ዓይነት ማብራሪያ ቢሰጥሽ።

የማስታወቂያ ፊት፦

ካስቲንግ ክፍል ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ማስታወቂያ ሥራ ብቻ ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ጀማሪ የሚጎዳው ሳይመረጥ ሳይሆን ከተመረጠ በኋላ ነው።

በፊልም ትወናሽን ትሸጫለሽ። በማስታወቂያ ግን ፊትሽን ታከራያለሽ። ኪራይ ደግሞ ጊዜ አለው፣ ቦታ አለው። ስለዚህ «ስንት ትከፍላላችሁ» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። ክፍያው ሁለት ነው፦ አንዱ ለቀረጻው ቀን ድካም፣ ሌላው ለአጠቃቀም። ለምን ያህል ጊዜ ይታያል? 6 ወር ነው፣ 1 ዓመት? የት ይታያል? በአንድ አገር ነው ወይስ በመላው ዓለም? በምን ይታያል? ቴሌቪዥን ብቻ ነው፣ ኢንተርኔትም አለበት፣ ቢልቦርድና ማሸጊያም ጭምር? ከቪዲዮው ላይ ፎቶ ቆርጠው ማተም ይችላሉ ወይ? እያንዳንዱ የራሱ ዋጋ አለው። በደንብ የሚሠሩ ቦታዎች ጥሪው ላይ ራሱ ያስቀምጡታል፤ ካላስቀመጡ ጠይቂ፣ መጠየቅሽ ማንንም አያስቀይምም።

ከሁሉ የከፋው ዐረፍተ ነገር «በሁሉም ሚዲያ፣ በመላው ዓለም፣ ለዘለዓለም» የሚለው ነው። ለአንድ ቀን ክፍያ ፊትሽን ዕድሜ ልክ ይወስዱታል ማለት ነው። እሱን ፈርመሽ ከ5 ዓመት በኋላ ሌላ ባንክ ትልቅ ሥራ ቢሰጥሽ፣ የድሮው ባንክ ማስታወቂያ አሁንም እየታየ ስለሆነ አይወስዱሽም። ተቀናቃኝ ላለመሥራት የሚያስገድደው አንቀጽም አለ፤ የሳሙና ማስታወቂያ ከሠራሽ ውሉ እስኪያልቅ ሌላ ሳሙና አትሠሪም። ያ ተገቢ ነው፣ ግን የተወሰነ ጊዜ ይኑረው፣ ክፍያውም ያንን ያስብ።

ይሄ የእኔ ብቻ ቅሬታ እንዳይመስልሽ። በ2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበራት በማስታወቂያ ሥራ ላይ 6 ወር ገደማ አድማ መተዋል። ዋናው ጉዳይ ይሄው ነበር፦ አስተዋዋቂዎቹ ማስታወቂያው በታየ ቁጥር የሚከፈለውን ትተን በጥቅል እንክፈል አሉ፣ ተዋንያኑ እምቢ አሉ። በ2023 ደግሞ ሳግ አፍትራ የሚባለው የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር በፊልምና በቴሌቪዥን ሥራ ላይ 118 ቀን አድማ ሲመታ ከዋና ዋናዎቹ ጥያቄዎች አንዱ የሰው ፊትና ድምፅ በኮምፒውተር ተቀድቶ ስለሚሠራው ነገር ነበር። ያለ ተዋናዩ ፈቃድና ያለ ክፍያ ዲጂታል ቅጂ እንዳይሠራ የሚል ነገር ውሉ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ዛሬ ውል ሲሰጥሽ «ዲጂታል»፣ «ቅጂ»፣ «ስልጠና»፣ «ማሻሻል» የሚሉ ቃላትን ፈልጊ። ፊትሽንና ድምፅሽን ለምን እንደሚጠቀሙበት በግልጽ ካልተጻፈ አንቀጹ ይውጣልኝ ወይ ይብራራልኝ በዪ። ማኅበር የሌለበት አገር የምትኖሪ ቢሆን እንኳ ይሄን ማለት ትችያለሽ፤ ውል የሁለት ሰው ነው።

ደስ የሚለውንም ልንገርሽ እንጂ። ማስታወቂያ ለጀማሪ ከፊልም ይልቅ ክፍት ነው። የሚፈለገው ብዙ ጊዜ የታወቀ ተዋናይ አይደለም፤ አስተማሪ የሚመስል አስተማሪ፣ ጎረቤት የሚመስል ጎረቤት ነው። ንግግር የሌለው ሥራም ብዙ ነው፤ ኦዲሽኑ ላይ «ስልክሽን አየሽ፣ የምትወጂው ሰው መልእክት ልኳል» ይሉሽና ያንን ብቻ ያያሉ። እዚያ ጋ ትልቅ ትወና አያስፈልግም፣ ጥርስሽ እስኪታይ መሳቅም አያስፈልግም። መልእክቱን በእውነት አንብቢው፣ የማን እንደሆነ ለራስሽ ወስኚ። ፊትሽ ላይ የሚመጣው ይበቃል።

ፕሮፋይልሽ ላይ የምትችይውን ሁሉ ጻፊ፤ ዋና፣ መኪና፣ ብስክሌት፣ ቋንቋ፣ የሙዚቃ መሣሪያ። የማትችይውን ግን አትጻፊ። ዋና እችላለሁ ብሎ ገንዳ ዳር የሚንቀጠቀጥ ሰው አይቻለሁ፤ ሠላሳ ሰው እሱን ቆሞ ጠበቀ፣ ቀኑም ተበላሸ።

ከጀርባ የማልፈው፦

ስለ ኤክስትራ ማንም አልመለሰላትም፣ እኔ ልመልስ። በሥራው ውስጥ ነኝና።

ስምሽን አያበላሽም። ይሄን የሚሉት የቀረጻ ቦታ ረግጠው የማያውቁ ናቸው። ካሜራ ፊት አዲስ ነኝ ብለሻል፤ ታዲያ ካሜራ ያለበት ቦታ ሄደሽ ምን እንደሚደረግ ብታዪ ምን ትጎጃለሽ? ጠዋት የጥሪ ሰዓት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ 12 ሰዓት ከተባለ 12 ሰዓት ልብስሽን ለብሰሽ ነው እንጂ መንገድ ላይ ሆነሽ አይደለም። ጸጥታ ሲባል ለምን ጸጥ እንደሚባል፣ አንዱ ትዕይንት ለምን ከአምስት አቅጣጫ እንደሚቀረጽ፣ ባለፈው ጊዜ በቀኝ እጅሽ የያዝሽውን ቦርሳ አሁንም በቀኝ እጅሽ መያዝ እንዳለብሽ፣ ሁሉንም ታያለሽ። ከጀርባ ሆነሽ ድምፅ ሳታወጪ የምታወሪው ነገር ራሱ ሥራ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ካፌ ትዕይንት ላይ ከፊት ያሉት ተዋንያን ሲያወሩ፣ እኛ አሥራ ምናምን ሰዎች አፋችንን ብቻ እያንቀሳቀስን ሲኒ ሳናስነካ ስናስቀምጥ ዋልን። ሲኒ ከማስቀመጫው ሲነካ የምትሰሚው ትንሽ ድምፅ የእነሱን ንግግር ያበላሸዋል። እዚያ ቀን የተማርኩትን ክፍል ውስጥ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ሁለት ነገር ብቻ ጠብቂ። የተዋናይነት ዝርዝርሽ ላይ ኤክስትራ የሠራሽባቸውን ፊልሞች እንደ ሚና አትጻፊ፣ የሚያነቡት ሰዎች ያውቁታል። ሌላው፣ ዓላማሽ ትወና ከሆነ ሁሉንም ቀንሽን ለዚህ አትስጪ፤ ኦዲሽን ያለበትን ቀን ኤክስትራ ሠርተሽ እንዳታሳልፊው።

የማስታወቂያ ፊት፦

በዚህ እስማማለሁ፣ ግን ማስታወቂያ ላይ ሲሆን ጥንቃቄ ጨምሪ። ኤክስትራ ብለው ወስደውሽ ካሜራው ፊትሽ ላይ ከቀረበና ምርቱን አንቺ ከያዝሽ ኤክስትራ አይደለሽም። ያኔ ውሉም ክፍያውም መቀየር አለበት። በቀረጻው ቀን፣ በትሕትና፣ ቀን ሳያልፍ ለሚመለከተው ሰው ንገሪ። ካለቀ በኋላ ለመጠየቅ ይከብዳል።

የልጅ እናት፦

ይቅርታ በመሀል ገባሁ። የእኔ ልጅ 7 ዓመቷ ነው። ለልጆች ልብስ ማስታወቂያ ፎቶዋን ላኪ ተብዬ ነበር። «ወላጅ ቀረጻ ላይ ባይገኝ ልጁ ነፃ ይሆናል» ብለውኛል። ልክ ነው?

ካስቲንግ ክፍል፦

እናቴ፣ ልክ አይደለም፣ በፍጹም እንዳይስማሙ። ልጅ ቀረጻ ላይ ሲሆን ወላጅ ወይም ወላጅ የመደበው አሳዳጊ ልጁን በዓይኑ ማየት በሚችልበት ቦታ መሆን አለበት። ካሜራው አጠገብ ላይቆሙ ይችላሉ፣ ዓይን ለዓይን ሲገናኙ ልጆች ስለሚዘናጉ። ግን እዚያው ክፍል ወይም ስክሪኑ አጠገብ ይቀመጣሉ። ይሄን የሚከለክል ሰው ጋ ልጅ አይሰጥም።

የቀረጻ ሰዓቱንም ይጠይቁ። ልጅ እንደ አዋቂ ሙሉ ቀን አይቀረጽም፤ ማረፊያ፣ ምግብ፣ ትምህርት ቤት ካለፈባት ደግሞ የትምህርት ጊዜ ይታሰባል። ገንዘቡም የልጅቷ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ይሄ በሕግ የገባው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ጃኪ ኩጋን የሚባል በልጅነቱ እጅግ ታዋቂ የነበረ ተዋናይ ሲያድግ ያገኘው ገንዘብ ጠፍቶ አገኘውና እናቱንና እንጀራ አባቱን ከሰሰ። ከዚያ በኋላ የወጣው ሕግ በእሱ ስም ይጠራል፤ ዛሬ በዚያ ሕግ ከልጁ ገቢ 15 ከመቶው ለብቻው ይቀመጣል። እርስዎ ያሉበት ቦታ እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖርም በስሟ ሒሳብ ከፍተው ማስቀመጥ ይችላሉ።

እና ደግሞ እሷን ይጠይቋት። ልጅቷ ራሷ ካልፈለገች ካሜራው ያውቅባታል።

ጀማሪዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ያኛዎቹን አልከፍልም አልኳቸው። «ዕድልሽን ዘጋሽ» ብለው ጽፈው ወዲያው አጠፉት። ለነርሷ ልልክ ነው። ነገ ማታ ይዘጋል። የተሰጠኝ ንግግር አጭር ነው፦ ነርሷ አንድ ታማሚ ሌሊት አልተኛ ብሎ ሲጠራት መጥታ ታናግረዋለች፣ እሱ ሚስቴ ትመጣለች ወይ ይላታል፣ እሷ ደግሞ እንደማትመጣ ታውቃለች። ስልክ ብቻ ነው ያለኝ፣ መብራትም የለኝም። የታማሚውን ንግግር ማን ያንብብልኝ? የነርስ ልብስ ልዋስ?

ካስቲንግ ክፍል፦

ስልክ ይበቃል። አብዛኛው የሚመጣልን በስልክ የተቀረጸ ነው።

እኔ ስመለከት ምን እንደማይ ልንገርሽ። በአንድ ቀን ብዙ ሰው ያው ንግግር ሲናገር ነው የማየው። ቪዲዮው ሲከፈት መጀመሪያ ፊትሽን ማየት እፈልጋለሁ። ስለዚህ ስልኩን አግድም አድርጊው፣ ዓይንሽ ጋ እኩል ከፍታ ላይ ይቁም፤ መጻሕፍት ደርድረሽ አስደግፊው። ከደረትሽ በላይ ይታይ። ከኋላሽ ባዶ ግድግዳ ይሁን። ቀን ከሆነ መስኮት ፊት ለፊት ቁሚ፣ መስኮቱ ከኋላሽ ከሆነ ጥላ ብቻ ነው የምትሆኚው። የሌሊት ትዕይንት ነው ብለሽ ክፍሉን እንዳታጨልሚ፣ ጨለማውን እኔ አስበዋለሁ፤ ዓይንሽን ግን ካላየሁ ማሰብ አልችልም።

ታማሚውን የሚያነብልሽ ሰው ከካሜራው አጠገብ ይቁም፣ ወደ አንድ ጎን ጠጋ ብሎ። እሱን እዪ፣ ሌንሱን አትዪ። ድምፁ ካንቺ ዝቅ ይበል። ብዙ ቪዲዮ የሚበላሽው በዚህ ነው፤ አንባቢው ስልኩ አጠገብ ስለሆነ ይጮሃል፣ ተዋናይዋ ከሩቅ ትሰማለች። ደግሞ አንባቢው አይተውን። ቃሉን ብቻ ይስጥሽ።

የነርስ ልብስ መዋስ አያስፈልግሽም። ቀለሙ ረጋ ያለ፣ ጽሑፍ የሌለበት ልብስ ይበቃል። ስቴቶስኮፕ አንጠልጥለው የሚመጡ አሉ፤ ዓይኔ እሱ ላይ ይቀራል። የማይሽ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ቀጥሎ ዳይሬክተሩ ነው፤ እሱም ማየት የሚፈልገው ሚስቱ እንደማትመጣ ማወቅሽንና ለታማሚው አለመንገርሽን ነው። ከንግግሩ በፊት ጥሪውን ሰምተሽ የምትመጪበትን ቅጽበት አትዝለዪው። ሲጠይቅሽ ወዲያው አትመልሺ፣ ግን ዝም ለማለት ብለሽም ዝም አትበዪ። አንድ ሁለት ጊዜ ቀርጸሽ የሚሻለውን ላኪ። ብዙ ጊዜ ስትደጋግሚው እየደረቀ ይሄዳል።

መጀመሪያ ላይ ወይም መጨረሻ ላይ፣ እነሱ እንደጠየቁት፣ ሌንሱን እያየሽ ስምሽን፣ ቁመትሽን፣ በቀረጻዎቹ ቀናት ነፃ መሆንሽን ተናገሪ። እንደ ራስሽ ሆነሽ፣ እንደ ነርሷ አይደለም።

አንድ የምታደንቂው ነገር ልንገርሽ። የካስቲንግ ሥራ ለብዙ ዘመን ማንም የማያየው ነበር። የአሜሪካው የኦስካር አካዳሚ ለካስቲንግ ሽልማት እንደሚሰጥ ያስታወቀው በ2024 ነው፣ ከ2025 ፊልሞች ጀምሮ። ያ ሙያ እውቅና ያገኘው ትክክለኛ ሰው በትክክለኛ ቦታ ሲቀመጥ ፊልሙ እንደሚለወጥ ሰው ስለገባው ነው። ስለዚህ ባትመረጪ «መጥፎ ነኝ» ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ታማሚውን የሚጫወተው ሰው ከተመረጠ በኋላ፣ ከእሱ ጋር ስትታዪ ልጁ ትመስያለሽ ወይም ቁመታችሁ አይሄድም፣ ወይም ዳይሬክተሩ በሐሳቡ ውስጥ ሌላ ድምፅ ሰምቷል። ቪዲዮሽ ጥሩ ከሆነ ግን አንረሳውም። ስም እንይዛለን። በሌላ ሥራ የምንደውልላቸው ሰዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ እምቢ የተባሉ ናቸው።

ስትልኪ የፋይሉን ስም «ቪዲዮ አንድ» አትበዪው። ስምሽንና «ነርስ» የሚለውን ጻፊበት። ሊንክ ከሆነ ፈቃድ ሳይጠይቅ መከፈቱን ከሌላ ሰው ስልክ ሞክሪ። ሰዓቱ ሳይሞላ ላኪ፤ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የሚመጣውን ለማየት ጊዜ የለንም። ኢሜይሉ ላይ ሁለት መስመር በቂ ነው።

ጀማሪዋ፦

አንባቢ ነው ያጣሁት። ቤት ያሉት ሲያነቡ ይስቃሉ።

ከጀርባ የማልፈው፦

በቪዲዮ ጥሪ እኔ አነብልሻለሁ። ነገ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ጥሪውን ክፈቺው፣ ከምትቀረጪበት ስልክ በግራ በኩል አስጠግተሽ አስቀምጪው፣ ድምፁን ቀንሺው። ንግግሩን ዛሬ ማታ ላኪልኝ፣ ቀደም ብዬ ልየው።